ኮሎራዶ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና ስትገዙ የመንግስት ሪቤቱን እንዴት ነው የምትወስዱት? ከአሮጌዋ መኪና እስከ ታክስ ፎርሙ

ሰሞኑን ኦሮራ ሀቫና ስትሪት ላይ ቡና ልጠጣ በገባሁ ቁጥር ጥያቄው ያው አንድ ነው፣ «ያ 7,500 ዶላር ቀረ አሉ፣ ታዲያ አሁን ኤሌክትሪክ መግዛት ምን ዋጋ አለው?» ይሉኛል። አዎ ቀርቷል። የፌደራሉ ክሬዲት ጁላይ 4፣ 2025 በተፈረመው ህግ ምክንያት ከሴፕቴምበር 30፣ 2025 በኋላ ለተገዛ መኪና የለም፣ የአዲሱ 7,500ም የዩዝዱ 4,000ም፣ ዲለሮች በሊዝ በኩል ሲያስገቡት የነበረውም ጭምር። ግን ኮሎራዶ የራሷ ገንዘብ አላት፣ ገቢው መካከለኛና ከዛ በታች የሆነ ሰው ደግሞ ከፌደራሉ የበለጠ ሊያገኝበት ይችላል፣ ችግሩ ቅደም ተከተሉን ካበላሻችሁት አንዱንም አታገኙም። እኔ አንዱን ደረጃ አበላሽቼ ሁለት ወር ስለከፈልኩበት ነው ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት። ቁጥሮቹ 2026 መጀመሪያ ላይ ያሉት ናቸው።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

ሰው ሁሉንም «ሪቤት» ይለዋል ግን ሶስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሪቤት ማለት መኪናውን ስትገዙ እዛው ዲለሩ ጋ ከዋጋው ላይ የሚቀነስ ነው። ታክስ ክሬዲት ማለት ታክስ ስትሰሩ የሚመጣ ነው፣ የኮሎራዶው ደግሞ ደስ የሚለው ተመላሽ ክሬዲት ነው፣ ማለትም ምንም የስቴት ታክስ ባይኖርባችሁ እንኳን ገንዘቡ በእጃችሁ ይመጣል። ዲዳክሽን ደግሞ ታክስ ከሚቆረጥበት ገቢያችሁ ላይ የሚቀነስ ነው፣ 1,000 ዶላር ዲዳክሽን ማለት ኪሳችሁ የሚገባ 1,000 ዶላር ማለት አይደለም፣ 120 ወይ 220 ዶላር ቢሆን ነው። ሻጩ ሶስቱን ቀላቅሎ ሲያወራችሁ «የትኛው ነው ዛሬ የሚቀነሰው? የትኛው ነው ኤፕሪል ላይ የሚመጣው?» ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን ኮሎራዶ ላይ ያለው ገንዘብ እንዲህ ነው፦

ቬሂክል ኤክስቼንጅ ኮሎራዶ የሚባለው ትልቁ ነው፣ የሚመራው ኮሎራዶ ኢነርጂ ኦፊስ ነው፣ በ2023 ሲጀመር ለአዲስ መኪና 6,000 ለዩዝድ 4,000 ነበር፣ ከኖቬምበር 3፣ 2025 ጀምሮ ግን 9,000 እና 6,000 ሆኗል። አሮጌ ቤንዚን መኪና አስረክባችሁ ነው የምትወስዱት፣ የገቢ ጣሪያም አለው።

የስቴቱ ታክስ ክሬዲት ለአዲስ መኪና ብቻ ነው፣ ገዝታችሁትም ሊዝ አድርጋችሁትም ይሆናል፣ ሊዝ ከሆነ ቢያንስ የሁለት አመት መሆን አለበት። የገቢ ጣሪያ የለውም። ድሮ 5,000 ነበር፣ በ2025 ወደ 3,500 ወረደ፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ 750 ብቻ። አዎ፣ ሰባት መቶ ሀምሳ። ግን የተለጠፈው ዋጋ ማለትም ኤምኤስአርፒው ከ35,000 የማይበልጥ መኪና ከሆነ ተጨማሪ 2,500 አለው፣ ስለዚህ ርካሽ መኪና የሚገዛው ሰው ከቅንጦት ገዢው የበለጠ ያገኛል ማለት ነው። ከ80,000 በላይ ከሆነማ ጭራሽ የለም።

ሶስተኛው የመንግስት ሳይሆን የመብራት ድርጅቱ የኤክሴል ነው። መብራታችሁ ኤክሴል ከሆነ (ዴንቨርና ኦሮራ አብዛኛው ሰው እሱ ነው) ገቢያቸው ዝቅ ላለ ደንበኞች ለአዲስ 5,500 ለዩዝድ 3,000 ሲሰጥ ቆይቷል። ቢሉ በማን ስም እንደሆነ አሁኑኑ እዩ፣ እኛ ሰፈር ግማሹ ሰው ቢሉ በአክስቱ ወይ በሩሜቱ ስም ነው፣ አመልካቹ እናንተ ሆናችሁ ቢሉ የሌላ ሰው ከሆነ ጣጣ ነው።

ደረጃ 1፦ አሮጌዋን መኪና አትሽጧት፣ ግን መጀመሪያ ዋጋዋን እወቁ

በኤክስቼንጁ ለመግባት በስማችሁ ያለች፣ ኮሎራዶ የተመዘገበች፣ በቤንዚን ወይ በናፍጣ የምትሄድ፣ ቢያንስ 12 አመት የሆናት ወይም ኢሚሽን ቴስት የወደቀች መኪና ያስፈልጋችኋል። ለ2026 ስታሰሉት የ2014 ሞዴልና ከዛ በፊት ያለው ነው። «በስማችሁ» የምትለዋ ቃል ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) በወንድማችሁ ስም ሆኖ እናንተ አምስት አመት ስለነዳችኋት ብቻ የእናንተ አትባልም። ከአዲስ አበባ ስትመጡ አጎት የሰጣችሁ መኪና ከሆነች ታይትሉን አውጥታችሁ ስሙን አንብቡት። እዳ ያለባትም ከሆነች ከባንኩ ሊን ሪሊዝ (እዳው አልቋል የሚል ወረቀት) ሳታመጡ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ።

ቀጥሎ ያለው ሂሳብ ግን ማንም አይነግራችሁም። መኪናዋ ተጨፍልቃ ነው የምትቀረው፣ ከሪቤቱ ሌላ የትሬድ ኢን ዋጋ አይሰጣችሁም። እኛ ደግሞ ቶዮታ ወዳጆች ነን። የ2013 ኮሮላ በደንብ የተያዘች፣ ማይሏ ያልበዛ፣ ከሰው ለሰው ስትሸጥ 6,000 አካባቢ የምታወጣ ከሆነች እሷን ሰጥቶ ለዩዝድ ኤሌክትሪክ 6,000 ሪቤት መውሰድ ማለት ትሬድሚል ላይ መሮጥ ነው፣ ያተረፋችሁት ነገር የለም። ሞተሯ ዘይት የምትጠጣ፣ ትራንስሚሽኗ የሚንገራገጭ፣ 1,500 እንኳን ማን ይሰጠኛል የምትሏት ከሆነች ግን ሎተሪ ነው። ስለዚህ ኬሊ ብሉ ቡክ የሚባለው የመኪና ዋጋ ገጽ ላይ ገብታችሁ የእውነት ማይሏን አስገብታችሁ የሚሰጣችሁን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከሪቤቱ ላይ ቀንሱት፣ የቀረው ነው የእናንተ ትርፍ።

የኔዋ የ2009 ካምሪ ነበረች፣ 214 ሺ ማይል፣ የሹፌር በኩል መስታወት ወርዶ በእጅ ተጎትቶ የሚዘጋ። ለሷ 9,000 ይሰጣሉ ሲባል ሚስቴ ራሱ አላመነችም።

ደረጃ 2፦ ወረቀት

የገቢው ጣሪያ ያላችሁበት ካውንቲ መካከለኛ ገቢ 80 ፐርሰንት ነው፣ እንደ ቤተሰብ ብዛት ይለያያል። ብዙ ሰው «እኔ እኮ በደንብ ነው የምሰራው አይሰጡኝም» ብሎ ሳይሞክር ይቀራል፣ ዴንቨር አካባቢ መካከለኛ ገቢው ራሱ ከፍ ያለ ስለሆነ አራት አምስት ሰው ያለበት ቤት ሁለት ሰው እየሰራ እንኳን ሊገባ ይችላል። የካውንቲያችሁን ሰንጠረዥ ከፕሮግራሙ ገጽ ላይ አውጡና ተመልከቱ፣ በግምት አትፍረዱ።

የሚያስፈልገው መንጃ ፈቃድ፣ የኮሎራዶ አድራሻ ማረጋገጫ፣ የአሮጌዋ መኪና ታይትልና ሪጅስትሬሽን፣ እና የገቢ ማስረጃ ነው። ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬድ ያላችሁ ሰዎች ደብዳቤውን አዘጋጁ፣ ገቢ ለማሳየት አጭሩ መንገድ እሱ ነው። ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ወንድሞች ደግሞ ኩባንያው በሚልክላችሁ የገቢ ፎርም 1099 ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር አይታችሁ አትደንግጡ፣ እሱ ኩባንያው የሚቆርጠውና የማይሉ ወጪ ሳይወጣለት ነው፣ የታክስ ሪተርናችሁን ይዛችሁ ፎርሙ የትኛውን መስመር እንደሚጠይቅ ቃል በቃል እያያችሁ ሙሉ። እና እባካችሁ ስማችሁ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አይነት ይሁን። የእኛ ስም መከራው ብዙ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ላይ የአያት ስም አለ፣ ታይትል ላይ የአባት ብቻ፣ አንዱ ላይ «ገብረ» እና «መድህን» ተለያይቶ ሌላው ላይ ተጣብቆ። ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ነው የሚያያችሁ። የማይገጥም ካለ ከማመልከታችሁ በፊት ዲኤምቪ ሄዳችሁ አስተካክሉት።

ፎቶ ስታነሱ ታይትሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አራቱም ጥግ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱት፣ አልጋ ላይ ጥላ ያጠላበት ፎቶ ልከው ተመላሽ የተደረገባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ደረጃ 3፦ አፕሩቫሉ ሳይመጣ ዲለር ጋ አትሂዱ

እኔ የተበላሁባት እቺ ናት። ማመልከቻዬን ኦንላይን ሞልቼ «አይቀርም ይሰጡኛል» ብዬ ቅዳሜ ዲለር ጋ ሄድኩ፣ ልጁ ደግሞ ጥሩ አፍ ነበረው፣ «ኖ ፕሮብሌም፣ እንቀበላለን፣ ፈርምና ሪቤቱ ሲመጣ እናስተካክላለን» አለኝ። ብዕሩን እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። ደግነቱ ባንኩ የጠየቀኝን አንድ የደሞዝ ወረቀት አልያዝኩም ነበርና ሰኞ ልመለስ ብዬ ወጣሁ። ማታ የፕሮግራሙን ዲለሮች ዝርዝር ሳይ ያ ዲለር ጭራሽ የለበትም! የከፋው ደግሞ እሱ ቤት ልገዛ ነው ብዬ የካምሪዋን ሪጅስትሬሽን ሳላድስ አሳልፌው ስለነበር ማመልከቻው ተመለሰብኝ፣ እንደገና አድሼ እንደገና አስገብቼ ሁለት ወር ሄደ።

ስለዚህ አሰራሩ እንዲህ ነው። ታመለክታላችሁ፣ ያጣሩና አፕሩቭ ያደርጓችኋል፣ የሪቤት ኮድ ይመጣላችኋል፣ ኮዱን ይዛችሁ በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ያለ ዲለር ጋ ትሄዳላችሁ። ዲለር ያልሆነ ሰው፣ ማለትም ፌስቡክ ላይ መኪናውን ያወጣ ሰው ጋ አይሆንም። ገዝታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ማመልከትም አይሆንም። ገንዘቡ ደግሞ የተመደበ ነው፣ ሲያልቅ ይቆማል፣ ኮዱም የማለቂያ ቀን አለው፣ ስለዚህ ኮዱ ከመምጣቱ በፊት ባለው ጊዜ መኪና ማጥናትና ባንክ ማናገር ነው ስራችሁ፣ ኮዱ ከመጣ በኋላ መጀመር ዘግይቶ መነሳት ነው። እስከዛ ድረስ አሮጌዋን ኢንሹራንሷንም ሪጅስትሬሽኗንም ሳታቋርጡ ያዟት።

ክሬዲት ዩኒየን ላይ ቀድማችሁ የብድር አፕሩቫል ካላችሁ ዲለሩ ጋ ስትቀመጡ ጉልበት አላችሁ። 9,000 ሪቤት አግኝታችሁ በ14 ፐርሰንት ወለድ ከተበደራችሁ ሪቤቱን ለባንኩ ነው የሰጣችሁት።

ደረጃ 4፦ የትኛውን መኪና?

ለአዲስ መኪና የኤክስቼንጁ ጣሪያ ኤምኤስአርፒ 50,000 ነው፣ ፕላግ ኢን ሀይብሪድም ይገባል፣ ተራው ሀይብሪድ ግን አይገባም (ፕሪየስ ሁሉ አንድ አይደለም፣ የሚሰካው ብቻ)። ከስቴቱ ክሬዲት ላይ ያቺን 2,500 ማግኘት ከፈለጋችሁ ከ35,000 በታች ያለውን ፈልጉ። አዲሱ ኒሳን ሊፍ ከ30,000 ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ሸቭሮሌ ኢክዊኖክስ ኢቪ 35,000 ድንበሩ ላይ ነው፣ ድንበር ላይ ያለ መኪና ላይ አንድ ልዩ ቀለም ወይ አንድ ፓኬጅ ስትጨምሩ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ በአፉ የሚለውን ሳይሆን መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሱና ቁጥሩን ከዛ እዩ። ተደራድራችሁ የምትከፍሉት ዋጋ ሌላ ነው፣ ኤምኤስአርፒ ሌላ ነው፣ 36,500 የተለጠፈበትን በ34,000 ስለሰጧችሁ 2,500ዋ አትመጣም።

ሂሳቡን በአንድ ምሳሌ እንየው። 33,000 የተለጠፈበት አዲስ መኪና፣ የገቢ ጣሪያውን የምታልፉ ካልሆናችሁና ሁሉም ከተሳካ፣ ከኤክስቼንጁ 9,000፣ ከኤክሴል 5,500፣ ከስቴት 750 እና 2,500። ድምሩ 17,750። ታክስና ፕሌት ሳይገባ 15,250 ላይ ቁጭ አለ ማለት ነው። የገቢ ጣሪያውን የምታልፉ ከሆነ ግን 3,250 ብቻ ነው የምታገኙት፣ እዛ ላይ ዩዝድ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ፣ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ዋጋው በሁለት ሶስት አመት ውስጥ በጣም ስለሚወርድ ያንን ኪሳራ ሌላ ሰው ቢሸከምላችሁ ይሻላል።

ዩዝድ ለምትገዙ፦ እዚህ ሀገር የባትሪ ዋስትና በአብዛኛው 8 አመት ወይም 100,000 ማይል ነው፣ ስንት እንደቀረው ቁጠሩ። ሸቭሮሌ ቦልት ርካሽ ነው፣ ከ2017 እስከ 2022 ያሉት በሙሉ በባትሪ እሳት ምክንያት ሪኮል ተደርገው ነበር፣ ብዙዎቹ አዲስ ባትሪ ተገጥሞላቸዋል፣ ያ ማለት አሮጌ መኪና ከአዲስ ባትሪ ጋር ልታገኙ ትችላላችሁ፣ የመኪናውን መለያ (ቪን) ቁጥር አስገብታችሁ ሪኮሉ መሰራቱን አረጋግጡ። ግን ኡበር ለምትነዱ ቦልት ፈጣን ቻርጀር ላይ 55 ኪሎዋት አካባቢ ነው የሚቀበለው፣ ኤርፖርት ተሰልፋችሁ ሳለ ቻርጅ ቢያልቅባችሁ አንድ ሰአት ቁጭ ነው። አሮጌው ሊፍ ደግሞ ባትሪው የሚቀዘቅዝበት ፈሳሽ የለውም፣ ሶኬቱም ቻዴሞ የሚባለው እየጠፋ ያለ አይነት ነው፣ ለከተማ ውስጥ ለሚስት ለትምህርት ቤት ካልሆነ አልመክርም። ጃንዋሪ ላይ የዴንቨር ብርድ ሲመጣ ደግሞ የማንኛውም መኪና ማይል በግልጽ ይቀንሳል፣ 240 ማይል የሚለውን 170 ብላችሁ አስቡት።

ደረጃ 5፦ ፊርማው ቀን

ዲለሮች ማስታወቂያ ላይ የሚያወጡት ዋጋ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ሪቤት ቀንሰው ነው፣ እናንተ የማታገኙትንም ጨምሮ። እናንተ ደግሞ ያንን ዋጋ አይታችሁ ከሱ ላይ እንደገና 9,000 ይቀነሳል ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ እዛ ስትደርሱ «አይ እሱ እኮ ገብቷል» ይሏችኋል። መድሀኒቱ አንድ ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት «ምንም ሪቤት ሳይቀነስ ዋጋው ስንት ነው?» ብላችሁ በቴክስት ጠይቁና በጽሁፍ ያዙት።

የመጨረሻው ኮንትራት ላይ ሪቤቱ ለብቻው በራሱ መስመር ተጽፎ ማየት አለባችሁ። ፋይናንስ ክፍል ያለው ሰውዬ ስክሪኑን አዙሮ ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ፣ «በወር 289፣ ደስ አይልም?» ይላል፣ አዎ ደስ ይላል ግን ስንት ወር? 84 ወር። የጎማ ኢንሹራንስ፣ የቀለም መከላከያ፣ ምናምን እያለ ሪቤታችሁን መልሶ የሚበላው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። አይ ማለት ነውር አይደለም።

የስቴቱን ክሬዲት እዛው ለዲለሩ ወይም ለአበዳሪው አሳልፋችሁ ሰጥታችሁ ከዋጋው ማስቀነስ ይቻላል፣ ግን ዲለሩ ካልፈለገ አይገደድም፣ የአገልግሎት ክፍያም ሊቆርጥ ይችላል። 750 ብቻ የምታገኙ ከሆነ ክፍያው ከፍ ካለ አትስጡት፣ ራሳችሁ ታክስ ስትሰሩ ውሰዱት። ከሰጣችሁት ደግሞ በኋላ ታክስ ላይ እንደገና መጠየቅ የለም።

አሮጌዋን መኪና በዛኑ ቀን ነው የምታስረክቡት፣ እየሄደች መድረስ አለባት፣ በሂች ተጎትታ ብትመጣ ችግር ነው። ታይትሉን ፈርሙ፣ ፕሌቱን ንቀሉ፣ የኤክስፕረስቶሉን (የክፍያ መንገዱን) ስቲከር ላጡ፣ ወንበር ስር ፈትሹ። እኔ ከካምሪዋ ወንበር ስር የልጄን አንድ እግር ጫማ፣ የጠፋ መስሎኝ የነበረ የቤተክርስቲያን መዝሙር ሲዲና 11 ዶላር ሳንቲም አገኘሁ። የአስረካቢነት ወረቀቱን ኮፒ ሳትቀበሉ ከዛ ግቢ አትውጡ።

ደረጃ 6፦ ታክስ ሲመጣ

የስቴቱን ክሬዲት ራሳችሁ የምትወስዱ ከሆነ ፎርሙ ዲአር 0617 ይባላል፣ ከኮሎራዶ ሪተርናችሁ ጋር አብሮ ነው የሚገባው፣ የግዢ ደረሰኝና የሪጅስትሬሽን ኮፒ ያዙ። ታክስ የሚሰራላችሁ ሰው የእኛ ልጅ ከሆነና ይሄን ፎርም ሰርቶ የማያውቅ ከሆነ ቁጥሩን ራሳችሁ ንገሩት፣ አይከፋውም።

ከፌደራል በኩል ሁለት ትናንሽ ነገሮች ተርፈዋል። አንደኛው የመኪና ብድር ወለድ ዲዳክሽን ነው፣ እስከ 2028 በአመት እስከ 10,000 ዶላር ወለድ፣ ግን መኪናው አዲስና አሜሪካ ውስጥ የተገጣጠመ መሆን አለበት። ኢክዊኖክስ ኢቪ ሜክሲኮ ነው የሚገጣጠመው አይገባም፣ ቴስላ ሞዴል 3 ፍሪሞንት ካሊፎርኒያ ነው ይገባል። ሊዝና ዩዝድ አይገባም፣ ገቢያችሁ ለብቻ 100,000 ለባልና ሚስት 200,000 ካለፈ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው የቤት ቻርጀር ክሬዲት ነው፣ የወጪው 30 ፐርሰንት እስከ 1,000 ዶላር፣ ፎርሙ 8911፣ ግን እስከ ጁን 30፣ 2026 ተገጥሞ ስራ የጀመረ መሆን አለበት፣ ቤታችሁም ህጉ በሚቀበለው ሰፈር ውስጥ መሆን አለበት። ቻርጀር ልታስገጥሙ ያሰባችሁ ሰዎች ከዛ ቀን አታሳልፉት። አፓርትመንት ያላችሁት ደግሞ መኪናውን ሳትገዙ ማታ የት እንደምትሰኩት ወስኑ፣ በተራ የግድግዳ ሶኬት በሰአት ከ3 እስከ 5 ማይል ብቻ ነው የሚገባው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ 40 ማይል፣ ለአንዳንዱ ይበቃል ለኡበር ግን አይበቃም።

ሌላ ስቴት ላላችሁ

ቅደም ተከተሉ ያው ነው ገንዘቡ ግን ይለያያል። ካሊፎርኒያ ትልቁን የስቴት ሪቤቷን በ2023 መጨረሻ ዘግታለች፣ ከተረፉት አንዱ አሮጌ መኪና አስረክቦ የሚወሰደው ክሊን ካርስ ፎር ኦል ነው። ሲያትል ያላችሁ የሴልስ ታክስ ምህረቱ በ2025 ጁላይ መጨረሻ አብቅቷል። ኦሬጎን እየከፈተች የምትዘጋ ናት፣ ሲከፈት መድረስ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ይሄን ሁሉ ስነግረው ስቆብኝ «እኛ ጋ እኮ ከ2024 ጀምሮ ቤንዚን መኪና ማስገባት ራሱ ተከልክሏል፣ ኤሌክትሪክ ያልገዛ ምን ሊገዛ ነው» አለኝ። እዛ ገዢውን የጠቀመው የቀረጡ መቀነስ ነው፣ ሪቤት የሚባል ነገር የለም፣ ፎርምም የለም።

አንድ ነገር ረስቼ፣ ፕሌት ልታወጡ ስትሄዱ ኮሎራዶ ለኤሌክትሪክ መኪና በየአመቱ ተጨማሪ ክፍያ ታስከፍላለች፣ ቤንዚን ስለማትቀዱ የመንገዱን ታክስ በዛ በኩል ነው የምትወስደው። ካውንቲው መስኮት ላይ ቁጥሩን አይታችሁ ተሳስተዋል ብላችሁ እንዳትከራከሩ፣ እኔ ተከራክሬ ከኋላዬ የተሰለፉትን ሁሉ አስቆጥቻለሁ።